ቅቤ የተቀቡት በሬዎች

ቅዳሜ፣ የካቲት 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

ሃምሳ አምስት። ሁለት ጊዜ ቆጠርሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሃምሳ አምስት ሆነ። ጎጆ ዘጠኝ፣ በሬ ስምንት፣ ፍየል ዐሥራ ሁለት፣ ሰው ስድስት፣ ዛፍ ሃያ። ካርቶኑ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ከአዲስ አበባ ሰቆጣ እስኪደርስ ድረስ የተሰበረው አንድ የፍየል ቀንድ ብቻ ነው። ቀንዱም ከካርቶኑ ሥር ተገኝቷል። ደስታዬን ለማን እንደምነግር ስላላወቅሁ ለዚህ ደብተር ነገርሁት።

በሬው አውራ ጣቴን አያህልም። ጎጆው የሻይ ብርጭቆ ያህላል። ታላቅ ወንድሜ ያሬድ አዲስ አበባ ውስጥ የሕንፃ ሞዴል በሚሠራ ድርጅት ተቀጥሮ ይሠራል፤ በላክሁለት ሥዕል መሠረት ከየዓይነቱ አንዳንድ ቀርጾ፣ የጎማ ቅርጽ አውጥቶ፣ ከሬዚን አባዝቶ ላከልኝ። ሬዚን ማለት ፈሳሽ ሆኖ ቅርጹ ውስጥ ይፈስና ወዲያው እንደ አጥንት የሚጠነክር ሰው ሠራሽ ሙጫ ነው። መልኩ የቆየ ጥርስ ይመስላል።

ለምን እንደሚያስፈልጉኝም እዚህ ላስፍር። የወይራ አፋፍ የሚባለው ኮረብታ ስሙ ቀረ እንጂ ወይራው የለም። ከብቱና ፍየሉ ግጦ ጨርሶታል፤ ጎርፉም በየክረምቱ የታችኛውን ማሳ እየቦረቦረ ይወስዳል። የግብርና ባለሙያው ደሳለኝ ኮረብታው ከግጦሽ እንዲያርፍ ገበሬዎቹን ሁለት ጊዜ ሰብስቦ ለምኗል፤ ሁለት ጊዜም እንቢ ተብሏል። በሁለተኛው ስብሰባ ካርታውን ከትምህርት ቤታችን ያዋስሁት እኔ ስለ ነበርሁ አብሬ ሄድሁ። አባ ኪሮስ የተባሉ ሽማግሌ ካርታውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፤ ወደ ጥላም አዙረው አዩት። ከዚያ «ልጄ፣ እዚህ ወረቀት ላይ እኔ የት ነኝ?» ብለው ጠየቁ። ጣቴን ካርታው ላይ እያዞርሁ ቤታቸውን ፈለግሁ፤ ቤት የሚባል አልተሣለበትም። እኔ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝና አፈርሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮረብታውን ከጣውላ፣ ውሃ ከጠጣ ጋዜጣና ከሸክላ አፈር ሠርቼዋለሁ። ሦስተኛው ስብሰባ የፊታችን ዓርብ ነው፤ ሚካኤል ስለሆነ ገበሬው እርሻ አይነካም። በዚህኛው ካልተስማሙ ክረምቱ ይቀድመናል። ደሳለኝ «መምህርት፣ ገበሬ በአሻንጉሊት አይሰበሰብም» ብሎኛል። «ይሰበሰባል» ብያለሁ። እንግዲህ ያልሁትን ማድረግ አለብኝ።

ያሬድ በደብዳቤው ያዘዘኝ ቅደም ተከተል፦

— ሬዚኑ የፈሰሰበትን ትርፍ ጭራ በምላጭ መቁረጥ። («በጥርስሽ እንዳትሞክሪው፤ አውቅሻለሁ።»)
— የቅርጹን ስፌት፣ ማለትም የጎማው ሁለት ክፍል የተጋጠመበትን መስመር፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። ውሃ ውስጥ ብቻ! ዱቄቱ ለሳንባ መጥፎ ነው።
— የአየር ቀዳዳ ካለ በስቱኮ መድፈን።
— በሳሙና ማጠብ። «ይህን ከዘለልሽ ሁሉንም ዘለልሽ። ከጎማው እንዲላቀቁልኝ ቅባት ተጠቅሜአለሁ፤ ቅባት ያለበት ነገር ቀለም አይዝም።»
— መነሻ ቀለም መንፋት። ያሬድ ፕራይመር ይለዋል። ዋናው ቀለም የሚይዘው እርሱ ላይ ነው።
— ከዚያ በኋላ ብቻ መቀባት።

ፀሐይ እስክትጠልቅ የስምንቱን በሬ፣ የዐሥራ ሁለቱን ፍየልና የስድስቱን ሰው ጭራ ቆርጬ አለሰለስሁ። ጣቶቼ ተጨማድደዋል። ቀንዱን በሱፐር ግሉ ገጠምሁት። የተሰበረበት ቦታ እንኳ አይታወቅም።

እሑድ፣ የካቲት 7

የቅበላ የመጨረሻ ቀን። ነገ ሁዳዴ ይገባል።

ከቅዳሴ መልስ ከብቱንና ሰዎቹን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጠብኋቸው። ለዚሁ የገዛሁትን አዲስ የጥርስ ብሩሽ ተጠቀምሁ፤ በየቀንዱ ሥር፣ በየብብቱ፣ በየሰኮናው መሐል አስገባሁት። ሁለት ጊዜ አለቀለቅሁ። ከዚያም ከአከራዬ ከእትዬ ለምለም ሰፌድ ተውሼ ደረጃው ላይ ፀሐይ አሰጣኋቸው። ጎጆዎቹንና ዛፎቹን ለነገ አቆይቻቸዋለሁ።

ምሳ ደሳለኝ ቤት ተጠርቼ ነበር። ባለቤቱ ከዛሬ በኋላ በግ የማይታረድ ይመስል ያቀረበችው አያልቅም። ጠግበን ስናበቃ ተጣላን፤ ማለቴ እኔና ደሳለኝ።

«ኮረብታውን አረንጓዴ ቀቢው» አለ። «ደን አልብሺው። ሲያዩት ይጓጓሉ።»

«ኮረብታው አረንጓዴ አይደለም» አልሁት።

«ወደ ፊት ይሆናላ!»

«ወደ ፊት ሲሆን ወደ ፊት እቀባዋለሁ። በየቀኑ የሚያዩትን ኮረብታ ዋሽቼ ባሳያቸው ሌላውን ምን ብለው ያምኑኛል?»

ባለቤቱ ሳቀች። «ደሴ፣ ተው፤ ይህችን ልጅ ተማሪዎቿም አልቻሏት» አለችው። እርሱም እጁን አነሣ። ነገር ግን መንገዱን በሙሉ የእርሱ አሳብ አልተወኝም። ዛፎቹን ምን ላድርጋቸው? ኮረብታው ላይ ብተክላቸው ውሸት ነው፤ ብተዋቸው ደግሞ ምን ልንጠይቃቸው ሄድን?

ቤት ስደርስ ከብቶቹ ሰፌዱ ላይ ያብረቀርቃሉ። ሳሙናው እንዲህ ያፈካቸዋል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ደስ ብሎኝ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ አስገባኋቸው።

ሰኞ፣ የካቲት 8

ውርደት።

ከትምህርት ቤት እንደ ተመለስሁ ካርቶኑን በጎኑ አጋድሜ፣ ነፋስ እንዳያገኘው ጥግ አስይዤ፣ መጀመሪያ ሦስት በሬና ሦስት ፍየል አሰለፍሁ። የስፕሬይ ቆርቆሮውን ያሬድ እንዳለው ደኅና አድርጌ ናጥሁት፤ በስንዝር ርቀት ይዤ በስሱ ነፋሁ። ቀለሙ ጀርባቸው ላይ አረፈ። ከዚያ እያየሁት ተሰበሰበ፤ ጎመን ቅጠል ላይ እንዳረፈ ጠል ተድቦልቡሎ ወደ ሆዳቸው ወረደ። ሁለተኛ ነፋሁ። ይህ ስሕተት ነበር። በሬዎቹ እንባ የሚያፈሱ መሰሉ።

ቆርቆሮዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው። የአንዱን እኩሌታ በስድስት እንስሳ ላይ ጨረስሁ።

መጀመሪያ ራሴን ከሰስሁ፤ በደንብ ሳላጥብ ቀርቼ ይሆናል። ቀጥሎ ያሬድን ከሰስሁ። የክስ ደብዳቤ ጀምሬ «ውድ ወንድሜ፣ የላክኸው ሬዚን» እስከሚለው ከጻፍሁ በኋላ አንዱን ፍየል አንሥቼ አሸተትሁት። በሁዳዴ መግቢያ ቀን መሽተት የማይገባው ሽታ ነበር። ለጋ ቅቤ!

እትዬ ለምለም ግቢ ውስጥ የሽሮ አተር እያበጠሩ ነበር። ፍየሉን በመዳፌ ይዤ ቀረብሁ።

«እትዬ፣ ትናንት እነዚህን ነክተዋቸዋል?»

«ነክቼ ብቻ!» አሉ ፈገግ ብለው። «አጥበሽ ሳትቀቢ ጥለሻቸው ሄድሽ እኮ። ብቅ ብል አመድ መስለው፣ ቆዳቸው ደርቆ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል። ሰው ልጁን አጥቦ ቅቤ ሳይቀባ ፀሐይ ላይ ይጥላል? አንቺ መጽሐፍ እንጂ ልጅ አላሳደግሽ፤ አልፈርድብሽም። ቅቤውም ጾም ሊገባበት ነው፤ ለማን ላስቀምጠው ብዬ አንድ ባንድ፣ ከአናታቸው ጀምሬ አሸሁላቸው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ሰዎቹንማ ደገምኋቸው።»

«ዛፎቹንና ጎጆዎቹንስ?»

በሐዘን አዩኝ። «ዛፍና ቤት ቅቤ ምን ያደርግለታል፣ ልጄ?»

ልቆጣ መጥቼ ነበር። ነገር ግን ያደረጉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ስሕተቱ እኔ ምን እያደረግሁ እንደ ነበር አለመንገሬ ነው። ይህን ለራሴ ሦስት ጊዜ ደገምሁት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ስለ ቅባትና ስለ ቀለም አስረዳኋቸው። ፊታቸው ሲለወጥ ሳይ ባላስረዳኋቸው ይሻል ነበር ብዬ ተጸጸትሁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ያሬድ አንዱን ቅባት እንዳጥብ መከረኝ፤ ሌላውን ቅባት ማን ይመክረኝ? አራት ቀን ቀርቷል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

ማለዳ ደጄን ያንኳኩት እትዬ ለምለም ናቸው። በእጃቸው የደረቀ እንዶድ ይዘዋል።

«ቅቤ ያገባ እጅ ቅቤ ያውጣ» አሉ። «ሳሙና ሱቅ ሳይመጣ ነጠላችን በምን ይነጣ መሰለሽ? በይ ተማሪዎችሽ ዘንድ ሂጂ። ስትመለሺ እናጥባለን።»

ስመለስ እንዶዱ ተወቅጦ፣ ተዘፍዝፎ፣ አረፋው ከገበታው አፍ አልፎ ጠበቀኝ። ያሬድ ውሃው ከፈላ ሬዚን እንደሚለሰልስና እግራቸው እንደሚጣመም ጽፎልኛል፤ ይህንንም ነገርኋቸው፤ ዛሬ ምንም ነገር ሳልነግራቸው አላልፍም። እርሳቸው ክርናቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ። «ይሄ የአራስ ልጅ ውሃ ነው፤ ማንንም አይጎዳ» አሉ።

እኔ በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁ፤ እርሳቸው አለቀለቁ። ሃያ ስድስት ነፍስ። በየመሐሉ ስም ያወጡላቸዋል፤ ሆዳም የመሰላቸውን ፍየል በቀበሌያችን በአንድ የታወቁ ሰው ስም ጠሩት። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ፍየሉ ግን በእርግጥ ይመስላቸዋል።

አንዱ የሬዚን ሽማግሌ ከቅርጹ ሲወጣ ጎብጦ ነበር። ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ ላቃናው ስል እጄን ያዙኝ።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«ላቃናው ነዋ።»

«የስንት ዘመን ሽማግሌ መሰለሽ? ተይው፤ እንዲህ ነው የሚሄደው።»

ተውሁት።

ሲደርቁ አንድ ባንድ እየነካሁ ፈተሽሁ። ጣቴ ሲነካቸው አይንሸራተትም፤ ሲጥ ሲጥ ይላል። ከደረጃው ላይ ማንም እንዳይነካቸው ወረቀት ልጽፍ አሰብሁና የምጽፈው ለማን እንደሆነ ሳስብ ሳቅሁ። እትዬ ለምለም ማንበብ አይችሉም። ደግሞም ዛሬ የሚጠብቋቸው እርሳቸው ናቸው፤ ዶሮ እንኳ አላስጠጉም።

ረቡዕ፣ የካቲት 10

ያዘ! ያዘ! ያዘ!

(ይህን በመሰለ ሁኔታ መጻፍ እንደማይገባኝ አውቃለሁ።)

ጠዋት ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ግን ብርዱ ከለቀቀ በኋላ ጀመርሁ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ በስሱ፣ ሳልቆም። አዙሬ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ። መነሻ ቀለሙ እንደ ጤዛ ሳይሆን እንደ ጉም አረፈ፤ ከዚያም እዚያው ቀረ። ጎጆዎቹንና ዛፎቹንም በትናንቱ የእንዶድ ውሃ አጥቤአቸው ስለ ነበር አብረው ገቡ። ሁለተኛው ቆርቆሮ ሃምሳ አምስተኛው ላይ፣ እርሱም ዛፍ ነበር፣ አየር ብቻ መትፋት ጀመረ። ደረሰልኝ።

ያልጠበቅሁት ነገር፦ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሲሆኑ ነው የታዩኝ። ሬዚኑ ራቁቱን ሳለ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ዓይን አይይዘውም ነበር። አሁን የበሬው የሻኛ እጥፋት፣ የፍየሉ ጢም፣ የሴትየዋ የጸጉር ሹሩባ ሳይቀር ወጣ። ወንድሜ ይህን ሁሉ ቀርጾ ነበር፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ለደብዳቤው ጅማሬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ያልተላከ ክስ ይቅርታ ያስፈልገው እንደሆነ አላውቅም፤ ለማንኛውም እጠይቀዋለሁ።

ደሳለኝ ሊያይ መጥቶ ነበር። ከካርቶኑ ፊት ቁጢጥ ብሎ አንድ ባንድ አያቸው።

«አሻንጉሊት አይመስሉም» አለ በመጨረሻ።

«አይደሉም እኮ።»

«ዛፎቹን ወሰንሽ?»

ወስኛለሁ። በድስት ክዳን አድርጌ ከኮረብታው አጠገብ አስቀምጣቸዋለሁ። የሚተክል ካለ ራሱ ይትከል።

«የሚተክል ባይኖርስ?»

«ያኔ ኮረብታው እንደ አሁኑ ይሆናል። ያም ቢያንስ እውነት ነው» አልሁት።

ሐሙስ፣ የካቲት 11

ቀለም ቀን። ያሬድ የላከው አራት ዓይነት ብቻ ነው፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ቢጫ። ከእነዚህ የወጡት፦ ቀይ በሬ ሦስት፣ ጥቁር ሁለት፣ ዳልቻ ሁለት፣ ቡራቡሬ አንድ። ፍየሎቹን በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል የሚያልፉትን እያየሁ ቀባኋቸው። ለሰዎቹ ነጭ ጋቢ። ለሴቶቹ አረንጓዴ ቀሚስ ከቢጫ ላይ ጥቁር ጨምሬ አገኘሁ። ይህ ትንሽ ድል ነው፤ ሰማያዊ አልነበረኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሁሉ ያማረውን ቀይ በሬ ለመጨረስ ሳነሣው አውራ ጣቴ ግንባሩን ነካ። ቀለሙ ከነመነሻው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቶ ጣቴ ላይ ቀረ። በሁለቱ ቀንዶች መካከል የቆየ ጥርስ የመሰለው ሬዚን ራቁቱን ወጣ።

«ከአናታቸው ጀምሬ» ብለውኝ ነበር። ቅቤው እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ተደብቆ ነበር፤ ብሩሼ አልደረሰበትም።

መነሻ ቀለም አልቋል። በባዶው ላይ ብቀባው ነገ ከገበሬዎቹ ፊት ዳግመኛ ይላጣል። ላስቀረው አሰብሁ። ነገር ግን ስምንት በሬ አራት ጥማድ ነው፤ ሰባት በሬ ምንድን ነው? ጥማዱን ያፈረስሁ እንዳልባል ይዤው እሄዳለሁ። ከሌሎቹ ኋላ አስቀምጠዋለሁ።

ለእትዬ ለምለም አልነገርኋቸውም። ይህ የመጀመሪያው ያልነገርኋቸው ነገር ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 12



ኮረብታውን እንደ ቃሬዛ በሁለት አጣና ላይ አስረን እኔ፣ ደሳለኝና ሁለት መምህራን ተሸክመን ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ወጣን። ተሸክሞ ለመድረስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። አቧራ እንዳይገባበት በጋቢ ስለሸፈንነው ያገኘን ሁሉ ቆሞ ያማትባል። አንዲት እናት «እግዜር ይማረው፤ ማን ነው የታመመው?» ብለው ጠየቁን። ደሳለኝ ላቡን እየጠረገ «ኮረብታው ነው፣ እማማ» አላቸው። ሴትዮዋ ትንሽ አሰቡና «እውነትህን ነው፤ ከታመመ ቆየ» ብለው አለፉ።

ሰዎቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከበቡን። ጋቢውን ስናነሣ ባዶ ኮረብታ ብቻ ነበር። እንስሳቱና ቤቶቹ በሰፌድ፣ ዛፎቹ በድስት ክዳን። ደሳለኝ ለንግግር ጉሮሮውን ሲጠርግ ቀደምሁትና «ቤታችሁን ራሳችሁ አስቀምጡልን» አልሁ።

ለጊዜው ማንም አልነካም። ከዚያ አንዲት ሴት ጎጆ አንሥታ ከምንጩ በላይ አኖረች። ሌላዋ «አንቺ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ከምንጩ በላይ የምትኖሪ?» ብላ ገፋችው፤ ሳቁ ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው ጠፋ። በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ስለሚከራከሩ ከዐሥሩ ቃል ሁለቱን ብቻ ያዝሁ፤ እጃቸውን ግን እከተላለሁ። ዘጠኙ ጎጆ አልበቃም፤ ለቀሩት ጠጠር ለቀሙ። ከብቶቹን አሰማሯቸው፤ የት? ሁሉንም የወይራ አፋፍ ላይ። ስምንት በሬና ዐሥራ ሁለት ፍየል ተጨናንቀው ኮረብታው ጠፋ። ያን ጊዜ ጫጫታው በራሱ ጊዜ ቀዘቀዘ። ሁሉም ያያሉ።

አባ ኪሮስ በዚህ ጊዜ ሰፌዱ ጠርዝ ላይ የቀረውን የሬዚን ሰው፣ ያን ጎባጣውን ሽማግሌ፣ አንሥተው ከአንዱ ጎጆ ደጃፍ አቆሙት። «እዚህ ነኝ» አሉ በአማርኛ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። ቀጥለውም ከከብቱ መሐል ግንባሩ የተላጠውን በሬ መዘዙት።

«ይህ ግንባረ ነጭ ቦቃ የእኔ ነው» አሉ። «ማን ነገረሽ?»

በዙሪያቸው ያሉት ጎንበስ ብለው አዩ። «የአባ ኪሮስ ቦቃ! ራሱ ነው!» ተባለ።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። «አባ፣ ማንም አልነገረኝም» አልሁ። «ቀለሙ በስሕተት ተልጦ ነው።»

በሬውን ዓይናቸው ድረስ አቀረቡት። «ተልጦም ይሁን ተቀብቶ፣ ቦቃ ቦቃ ነው» አሉ። ከዚያም በሁለት ጣታቸው ይዘው ከኮረብታው አወረዱት፤ በወንዙ ዳር ወዳለው ጠባብ መስክ አደረሱት። «እኔ ቦቃዬን እዚህ አስራለሁ። ሣር ከአፋፉ እያጨድሁ አመጣለታለሁ። እግሩ ከሚወጣ እጄ ይውጣ።»

«የአንተ አንድ በሬ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። «የእኔን ይህን ሁሉ ፍየል በማጭድ ማን ያጠግበዋል?»

ክርክሩ ረጅም ነበር። ሁሉም አልተስማማም። በመጨረሻ የደረሱበት ይህ ነው፦ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያየው የአፋፉ ጎን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ከግጦሽ ያርፋል፤ የፍየሎቹን ጎን ከፋሲካ በኋላ እንነጋገራለን ብለዋል። ዛፎቹን ሴቶቹ ተከሉ። ከሃያው ዐሥራ አንዱ ቆመ። ዘጠኙ ድስት ክዳኑ ላይ ቀሩ፤ እኔም አልገፋሁም። ይህን ቃል የገባንበትን ኮረብታ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አስቀምጡልን ብለውናል።

ደሳለኝ ወደ ከተማ ስንመለስ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረው፤ «ግማሽ ኮረብታ!» ደጋግሞ፣ እየሳቀ።

ለእትዬ ለምለም ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ትናንት የደበቅሁትንም ጭምር። ሲሰሙ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። «ታዲያ ቅቤዬ ነው ያስማማቸው!» አሉ። «ስትጽፊ ይህን እንዳትዘልዪው።»

አልዘለልሁም።

ገበሬዎቹ ከመበተናቸው በፊት ሁሉንም በየቦታው ቆጥሬ ዝርዝሩን ለዕቃ ቤቱ ጠባቂ አስረክቤአለሁ። ከወንዙ ዳር መስክ ላይ አንድ ጎደለ። አባ ኪሮስ የጋቢያቸውን ጫፍ ጨብጠው ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ፤ የተጨበጠው ነገር አውራ ጣት ያህል ነበር። ልጠራቸው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ጎጆ ዘጠኝ። ፍየል ዐሥራ ሁለት። ሰው ስድስት። ዛፍ፣ የቆመ ዐሥራ አንድ፣ ያልቆመ ዘጠኝ። በሬ ሰባት።

በሬ አንድ፦ ከባለቤቱ ጋር።